ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ቀይ ባሕር፦ የምጽዋ ወደብና የአዲ አርቃይ መንገድ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ አንድ የወደብ ከተማ ለጎብኚ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በባሕሩ በኩል የሚታየው ነው። ስለ መርከቡና ስለ አሸዋው፣ ስለ ዓሣውና ስለ ዕንቁው፣ በባሕር ዳር ስለ ተሠሩት ጥንታውያን ቤቶች ይነገራል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ወደብ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ የብስ ይመለከታል። መርከብ ያመጣውን የሚቀበል፣ ለመርከብም የሚጫነውን የሚያዘጋጅ አገር ከጀርባው ከሌለ፣ ወደቡ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የወደብን ታሪክ በሙሉ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ወደቡን ከሚመግበው ደጋ ላይ ቆሞም ሊመለከተው ይገባል።

የዚህ ንግግር ርእስ የቀይ ባሕሯ ምጽዋ ናት፤ የምትታየው ግን ከአዲ አርቃይ ነው። አዲ አርቃይ ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ከደባርቅ ማዶ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። በላይዋ የሰሜን ተራሮች ገደል፣ በታችዋ የተከዜ ቆላ አለ። የስሟ መነሻ የሆነው «አዲ» በትግርኛ አገር ወይም መንደር ማለት ነውና፣ ሁለት ቋንቋዎች የሚገናኙባት የመንገድ ዳር ከተማ መሆኗን ስሟ ራሱ ይመሰክራል። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ በማይ ጸብሪ በኩል ተከዜን የተሻገረ፣ በሽሬ እንዳ ሥላሴ፣ በአክሱምና በዓድዋ አልፎም መረብን የተሻገረ መንገደኛ፣ ዓዲ ቋላንና መንደፈራን ተከትሎ አሥመራ ይገባል። ከአሥመራ እስከ ምጽዋ የቀረው 115 ኪሎሜትር ያህል ቁልቁለት ብቻ ነው።

የንግግሩ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የምጽዋና የሰሜን ጎንደር መስሕቦች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። መንገዱ ሲቆረጥ የሁለቱም ትርጉም ይጎድላል፤ መንገዱ እስኪቀጠል ድረስም እውቀቱን ሳያዛቡና ሳያጋንኑ ጠብቆ ማቆየት የሙያው ሰው ግዴታ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. በሩና አገሩ

ምጽዋ በጥንት ስሟ ባጽዕ ትባላለች። ከእርሷ በስተ ደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የነበረችው የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ከወደቀች በኋላ፣ የአካባቢው የባሕር ንግድ ከዳህላክ ደሴቶችና ከምጽዋ ጋር ተቈራኘ። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ከቄሱ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል የተጓዙት በዚህ በር ገብተው ነው። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ ወደ ደጋው የወጣውም ከዚሁ ነበር። በ1549 ዓ.ም. የኦስማን ቱርኮች ደሴቲቱን ያዙ። ከዚያም ወዲህ የወደቡ አስተዳደር እያደር በሕርጊጎ ይኖሩ በነበሩት ናይቦች እጅ ወደቀ።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የቆየ አንድ ልዩ ሁኔታ ተፈጠረ። የአገሩ ንጉሥ በሩን አልያዘም፤ የበሩም ሹም አገሩን አልያዘም። ሆኖም አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር አይችልም ነበር። ናይቡ ከሚያስከፍለው ቀረጥ ይጠቀም የነበረው ከደጋው የሚወርድ ሲራራ ሲኖር ነው፤ ጎንደርም ግምጃና ሐር፣ ዶቃና መስተዋት፣ በኋላም ጠመንጃና ጠገራ ብር የምታገኘው በሩ ሲከፈትላት ነው። ከጎንደር በኩል ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ይወርዱ ነበር። ይህን ንግድ በብዛት ያካሂዱ የነበሩት የአዲስ ዓለም ሰፈር እስላም ነጋዴዎች ናቸው። ሲራራው የሚጓዘው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተከዜ ስለሚሞላ መንገዱ በራሱ ጊዜ ይዘጋ ነበር።

ከዚህ ጋር ሳይነገር የማይታለፍ እውነት አለ። በዚህ መንገድ ከወረዱት ውስጥ ሰዎችም ነበሩ። ከደቡብና ከምዕራብ እየተያዙ በጎንደር ገበያ ያለፉ ባሮች፣ ገሚሶቹ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ገሚሶቹ በምጽዋ ወደ ዓረብ አገር ተሸጠዋል። ስለ ሲራራ ንግድ ውበት የሚናገር አስጎብኚ ይህን ከዘለለ ግማሽ ታሪክ ተናገረ ማለት ነው።

መንገዱ በጽሑፍ ከተገለጸባቸው ጉዞዎች በስፋት የሚታወቀው የስኮትላንዱ ተወላጅ የጄምስ ብሩስ ጉዞ ነው። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. መስከረም ላይ ምጽዋ ደረሰ። ናይቡ የተለያየ ምክንያት እየሰጠና ገጸ በረከት እየጠየቀ ሁለት ወር ያህል አቆየው፤ እንግዳው ነፍሱን ይዞ የወጣው በናይቡ የወንድም ልጅ በአሕመድ እርዳታ ነው ይባላል። ከሕርጊጎ ተነሥቶ ከባዱን የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያውን በሰው ትከሻ እያሸከመ የታራንታን ተራራ ወጣ፤ በዓድዋ አልፎ ተከዜን ተሻገረ፤ ከዚያም አዲ አርቃይ ደረሰ። በመጽሐፉ ውስጥ የአዲ አርቃይ ስም በራሱ አጻጻፍ ተመዝግቧል። ማይ ሎሚ ከምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር፣ ዙሪያው በደን በተከበበ ጠባብ ሜዳ ላይ መስፈሩንና ከዚያ በላይ የሊማሊሞ አቀበት እንደሚጀምር ይገልጻል። በሊማሊሞም የቀረጥ ኬላ ጠበቀው። የካቲት ላይ ጎንደር ሲገባ ከምጽዋ ከተነሣ ከሦስት ወር በላይ ሆኖት ነበር።

ይህ ጉዞ ለአስጎብኚ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ብሩስ ምጽዋ ላይ በናይቡ፣ ሊማሊሞ ላይ በቀረጥ ሰብሳቢዎች ፊት ቆሟል። ሁለቱ ኬላዎች የአንድ ሥርዓት መግቢያና መውጫ ነበሩ። የምጽዋን የቀረጥ ታሪክ ለማስረዳት የሚፈልግ ሊማሊሞን፣ የሊማሊሞን ታሪክ ለማስረዳት የሚፈልግም ምጽዋን ማወቅ አለበት።

በዚሁ በር የገባ ሌላ እንግዳ ለዛሬው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዝና ትልቅ ድርሻ አለው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1824 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ፤ ከዚያም ጎንደር ገባ። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከሳይንስ ዓለም ጋር የተዋወቁት እርሱ ባሳተማቸው ጽሑፎች ነው። የሰሜን ገበሬ ዋልያን በገደሉ ላይ ሲያየው የኖረ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሩፔል የፈጸመው ተግባር የአገሬውን እውቀት ለሌላው ዓለም በመዝገብ ማስፈር ነበር። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርት የተጓዙት በምጽዋ ወደብ ነው። ዛሬ ጎብኚ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጣው በተለይ እነዚህን ሦስት እንስሳት ለማየት ስለሆነ፣ የፓርኩም ዝና አንድ ጫፉ ምጽዋ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የወደቡ ኃይል በፖለቲካውም ይታይ ነበር። የሰሜንና የትግሬ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጠመንጃ የሚያገኙት በምጽዋ በኩል ስለነበር፣ ከባሕሩ ዳርቻ ዓይናቸውን አላነሡም፤ ጦራቸውንም እስከ ሕርጊጎ ድረስ ልከዋል። በ1830ዎቹ አቡነ ሰላማ ከእስክንድርያ የመጡት በውቤ ጥረት ሲሆን የገቡትም በዚሁ በር ነው። ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እስካሁን በሰሜን አለ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለሌላ ሰው ንግሥ የታሰበ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላ ሰው ያስመጣው ጳጳስ፣ በባሕር በር የገባም ጠመንጃ በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ተገናኙ። ደረስጌን የሚጎበኝ እንግዳ ይህን ሲሰማ ምጽዋ ከተራራው የራቀች አትመስለውም።

፪. የከተማይቱ መስሕቦች

አሁን ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውረድ ይገባል። ምጽዋ በዋናው ምድርና በሁለት ደሴቶች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከየብሱ ቀጥሎ ጥዋለት፣ ከጥዋለት ቀጥሎ ዋናዋ ደሴት ባጽዕ ትገኛለች። ግብፆች ከተማይቱን ከኦስማን መንግሥት ከተረከቡ በኋላ፣ የስዊስ ተወላጁ ቬርነር ሙንዚንገር በሹመት ላይ ሳለ ደሴቶቹ በድንጋይ ድልድይ መንገድ እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር ተያያዙ። ደሴቲቱ የምንጭ ውሃ ስለሌላት ከዚያ በፊት የመጠጥ ውሃ ከየብሱ ጉድጓዶች በጀልባ እየተቀዳ ይሻገር ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብና የሕንድ፣ የዓረብ፣ የቱርክ ነጋዴ የሚኖርባት ከተማ ውሃዋን ሳይቀር ከየብስ ታገኝ እንደነበር ማስታወስ፣ በመግቢያው ስለ ወደብ ሁለት ፊት የተባለውን በግልጽ ያስረዳል።

በጥዋለት ላይ ጎብኚው በቅድሚያ የሚያየው በዚሁ ዘመን ተሠርቶ በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት የሆነውን ሕንፃ ነው። ጉልላቱና ግድግዳው በ1982 ዓ.ም. ጦርነት ክፉኛ ቈስሏል። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ በአደባባይ ላይ የቆሙ ሦስት ታንኮች አሉ፤ እነዚህም የዚያው ጦርነት መታሰቢያ ናቸው። አንድ ከተማ የነገሥታት ማረፊያዋንና የጦርነት መታሰቢያዋን እንዲህ ጎን ለጎን ስታቆም፣ አስጎብኚው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርጋታ ማስረዳት ይኖርበታል።

ባጽዕ የምትባለው አሮጌዋ ከተማ ዋናው መስሕብ ናት። ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕሩ ውስጥ እየተቈረጠ ከወጣ የዛጎል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው፤ በኖራ ካልተለበጠና በየጊዜው ካልታደሰ ግን በጨዋማው አየር ይበላል። መስኮቶቹና ሰገነቶቹ በጥልፍልፍ እንጨት የተጋረዱ ናቸው። ጥልፍልፉ ነፋስ ያስገባል፤ ፀሐይ ይከለክላል፤ በውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ውጭውን እንዲያይም ያስችላል። በዓመቱ አብዛኛው ወራት ሙቀቱ ለሰው በሚከብድበት ስፍራ ይህ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ዘዴ ነበር። ጎንደሬው ብርድን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ እንደሚከላከል፣ ምጽዋዊውም ሙቀትን በእንጨት ጥልፍ ይከላከላል።

ከመስጊዶቹ መካከል የሼኽ ሐናፊ መስጊድ በጥንታዊነቱ ይታወቃል። በወደቡ አጠገብ የሚገኘው የሰሃባ መስጊድ ደግሞ፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ ንጉሥ የመጡት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከአረፉበት ስፍራ ጋር በትውፊት ይያያዛል። ይህ ትውፊት የደጋውን ንጉሥና የባሕሩን ዳርቻ በእንግዳ ተቀባይነት ያገናኛልና በጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነው።

ኢጣልያኖች ምጽዋን የያዙት በጥር 1877 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት በዓድዋ የተፈረመው የሂወት ውል ለአፄ ዮሐንስ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዶጋሊ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ የኢጣልያን ጦር የደመሰሱባት ስፍራ ናት። ምጽዋ ዋና ከተማነቱ ወደ አሥመራ እስኪዛወር ድረስ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ሆና ቆየች። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፈረሰ፤ ዛሬ ከሚታዩት የኢጣልያ ዘመን ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የባቡር ሐዲዱ ነው። ሥራው በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከምጽዋ ተጀምሮ አሥመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። 118 ኪሎሜትር ያህል በሚሆን ርዝመት ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ሐዲዱ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ኤርትራውያን በጡረታ የነበሩትን የባቡር ሠራተኞች ጠርተው ራሳቸው ጠገኑት፤ በ1995 ዓ.ም. እንደገና አሥመራ አደረሱት። በ1929 ዓ.ም. የተጠናቀቀው፣ ከ70 ኪሎሜትር በላይ የነበረው በሽቦ ላይ የሚሄድ የጭነት ማመላለሻ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቅሎ ቀርቷል።

ከከተማዋ ውጭ የጉርጉሱም የባሕር ዳርቻ ለመዋኛና ለዕረፍት፣ የዳህላክ ደሴቶች ለባሕር ውስጥ ሕይወት ይታወቃሉ። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው። በዳህላክ ከቢር ላይ በኩፊ ፊደል የተቀረጹ የመካከለኛው ዘመን የመቃብር ድንጋዮችና ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ የዝናም ውሃ ማጠራቀሚያዎች ይገኛሉ። ኖክራ የተባለችው ደሴት ደግሞ የኢጣልያ ቅኝ ገዢዎች እስረኞችን ያሠቃዩባት ናት።

ለጉዞ አዘጋጅ አንድ ጠቃሚ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። በሰሜን ተራሮችና በአዲ አርቃይ ዝናም የሚዘንበው በክረምት ነው፤ በምጽዋ ግን የሚዘንበው ጥቂት ዝናም በደጋው በጋ በሚሆንበት ወራት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ደጋው ጥርት ያለ ሰማይ ሲኖረው፣ ምጽዋ በዓመቱ ውስጥ ለሰው ምቹ የሚሆን አየር ታገኛለች። ዋልያ የሚታይበት ወቅትና ባሕር የሚዋኝበት ወቅት አንድ መሆናቸው፣ ተፈጥሮ ራሷ ሁለቱን መስሕቦች ለአንድ ጉዞ ያዘጋጀቻቸው ያስመስላል።

፫. መንገዱ የተከፈተበትና የተዘጋበት ዘመን

ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ከአሥመራ ወደ ጎንደር የመኪና መንገድ ዘረጉ። የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚህ ሥራ ክፍል ነው። ከደባርቅ አጠገብ በወልክፊት የመሸገው የኢጣልያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ቆይቶ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ በኅዳር ጎንደር ነፃ ወጣች። ለወረራ የተሠራው መንገድ ግን ከወራሪው በኋላ ቀረ፤ ለነጋዴውም፣ ለተሳላሚውም፣ ለጎብኚውም አገለገለ። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሄደውም ተሳላሚ ይህን መንገድ ያውቀዋል።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትተሳሰር ምጽዋ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል መደብ ሆነች። በ1950ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪስት ሥራ በመንግሥት ደረጃ ሲደራጅ፣ ጎንደርንና አክሱምን የሚያካትተው ታሪካዊው መስመር በአሥመራ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ይደርስ ነበር። በነዚያ ዓመታት አንድ እንግዳ የፋሲልን ግንብ አይቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ አዲ አርቃይ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ የአክሱምን ሐውልት ጎብኝቶ ምጽዋ ላይ ባሕር ሊገባ ይችል ነበር።

ይህ ዘመን ረጅም አልሆነም። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የኤርትራ ጦርነት እየሰፋ ሄደ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሰሜን ጎንደር ቆላም የጦርነት ምድር ሆነ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሦስት ቀን ውጊያ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ገባች፤ ከዚያም በተከተለው የአየር ድብደባ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ አሮጌው ከተማም ተጎዳ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ሆነች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲነሣ መረብ ተዘጋ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሰላም ከታወጀ በኋላ በዛላምበሳና በሌሎች ኬላዎች ለሃያ ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ተቃቀፉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኬላዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። ያን ጊዜ የተከፈተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተቋረጠ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ደግሞ መንገዱን ከዚያም ወዲህ አሳጠረው። የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ አዲ አርቃይ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ለመንገደኛው ሌላ ሥጋት ጨመረ። ስለዚህ የአዲ አርቃይ ሰው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ወንዞች ሲዘጉበት አይቷል፤ መጀመሪያ መረብ፣ ቀጥሎ ተከዜ። የመንገድ መካከል የነበረችው ከተማ የመንገድ መጨረሻ እስከ መሆን ደረሰች። ለመንገድ ዳር ከተማ ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ አልጋ አከራዩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ጭነት አውራጁ ሁሉ የሚኖሩት በሚያልፍ ሰው ነው።

በዚህ መካከል አንድ የሚያጽናና ነገር ተፈጽሟል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በፖላንድ ከተማ በክራኮቭ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ፣ በአንድ ጉባኤ ሁለት ውሳኔ ሰጠ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በኋላ በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ የገባውን የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከአደጋው ዝርዝር አወጣ፤ አሥመራንም በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የመንገዱ ሁለት ማረፊያዎች፣ እርስ በርስ የማይገናኙ በነበሩበት ጊዜ፣ በሩቅ አገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

፬. የሙያው ግዴታ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

መንገድ መክፈትና መዝጋት የመንግሥታት ሥራ ነው። እውቀት መጠበቅ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አራት ነጥቦች ለውይይት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የመንገዱ የወዲህኛው ግማሽ መጠናት አለበት። የጥንቱ የሲራራ መንገድ በሊማሊሞ የት የት እንደሚያልፍ፣ ኬላው የት እንደነበረ፣ ሲራራ የሚያድርባቸው ሜዳዎችና ውሃዎች የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ይህን ሊሰበስብ የሚችለው የአዲ አርቃይ፣ የዛሪማና የደባርቅ ወጣት ነው። ማኅበሩ ለነዚህ ወጣቶች ሥልጠናና የመቅጃ መሣሪያ ቢያቀርብ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ዘላቂ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቋንቋን ይመለከታል። በዚህ መንገድ የሚያስጎበኝ ሰው አማርኛና ትግርኛ ሁለቱንም ቢያውቅ የሙያው ክብር ከፍ ይላል። ባለፉት ዓመታት በሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል የፈሰሰው ደም ይህን ከባድ አድርጎታል፤ አስፈላጊነቱን ግን ከቶ አልቀነሰውም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ስለ ምጽዋ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ምጽዋ የኤርትራ ከተማ መሆኗን ሳያድበሰብስ መናገር አለበት። ታሪክን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ታሪክን የይገባኛል ክርክር ማድረግ ሌላ ነው። ከዚህ በላይ እንደታየው በጎንደር ዘመንም ቢሆን በሩ በሌላ እጅ፣ አገሩ በሌላ እጅ ነበር፤ ንግዱ የተካሄደው በስምምነት፣ በቀረጥና በመተማመን ነው። ስምምነቱ ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ይጎዳ ነበር። ጎብኚ ወደ አንድ አገር የሚሄደው የዚያን አገር ሰው እንግዳ ሆኖ ነው። አስጎብኚው እንግዳውን በጠብ ቃል ካስታጠቀው የሙያውን መጀመሪያ ሕግ ሻረ።

አራተኛ፣ የሚያሳዝነው የታሪክ ክፍል ከሚያስደስተው ጋር አብሮ ይነገር። ሲራራው ሰም ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭኗል፤ ባቡሩ በቅኝ ገዢ ትእዛዝ በአገሬው ጉልበት ተሠርቷል፤ የምጽዋ ሕዝብ ከሰማይ በወረደ እሳት አልቋል፤ የአዲ አርቃይ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቅሏል። ይህን መስማት ጎብኚን አያባርርም። እንዲያውም አንድን ስፍራ በመልክ ብቻ ካየ ሰው ይልቅ ያለፈበትን የሰማ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

መደምደሚያ

ዛሬ አዲ አርቃይ ላይ ቆሞ ምጽዋ እደርሳለሁ የሚል መንገደኛ የሚተማመንበት መንገድ የለውም። ነገር ግን ይህ መንገድ ሲዘጋ የመጀመሪያው አይደለም። ቱርክና ናይብ፣ ኬላና ጦርነት፣ በየዓመቱም የተከዜ ሙላት ዘግተውታል። ክረምት ሲገባ ሲራራ ነጋዴው በቅሎውን ያሳርፋል፤ ጭነቱን ያስተካክላል፤ የጫማውን ጠፍር ያጠባል፤ መስከረም ሲጠባና ወንዙ ሲጎድል ማን ቀድሞ እንደሚሻገር ያውቃል። የሚሻገረው በክረምቱ የተዘጋጀው ነው።

የማኅበሩ አባላትም በዚህ ረጅም ክረምት የሚያዘጋጁት ጭነት እውቀት ነው። ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ ድልድዮቹም ሲጠገኑ፣ ከምጽዋ ወደ ላይ የሚወጣውን እንግዳ የሊማሊሞን ግርጌ አውቆ የሚቀበል፣ ከጎንደር የሚወርደውንም የባጽዕን ቤቶች ታሪክ በእውነት ነግሮ የሚሸኝ ሰው አዲ አርቃይ ላይ መገኘት አለበት።